የዓድዋ ድል መታሰቢያና የቅርስ ማኅበራችን ዝግጅት

መግቢያ

የአንድ አገር ሕዝብ ታላቅ ቀኑን የሚያስበው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በሰንደቅ ዓላማ፣ በሰልፍ፣ በመዝሙርና በንግግር ነው። ሁለተኛው ደግሞ ያ ቀን እንዴት እንደ ተገኘ መርምሮ በማወቅና ከዚያ ዘመን የተረፈውን ነገር ጠብቆ ለተከታዩ ትውልድ በማስተላለፍ ነው። የመጀመሪያው በአንድ ቀን ይፈጸማል፤ ሁለተኛው ግን ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ ሥራ ነው። እኔም በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ የፈለግሁት ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ነው።

በተማሪ ቤታችን የታሪክና የቅርስ ማኅበር አለ። አባሎቹ ከዘጠነኛ እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ያለን ተማሪዎች ስንሆን የታሪክ መምህራችን በአማካሪነት ይረዱናል። ማኅበሩ የዓድዋ ድል 130ኛ ዓመት የሚውልበትን የካቲት 23 ቀን 2018 ዓ.ም. አስቀድሞ በማሰብ ከጥቅምት ወር ጀምሮ በየሳምንቱ ዓርብ ከትምህርት በኋላ እየተሰበሰበ ይዘጋጅ ነበር። እኔ የማኅበሩ ጸሐፊ ሆኜ ቃለ ጉባኤውን ስለምይዝ የተነጋገርንበትንና የተማርነውን ለጓደኞቼ፣ ለመምህራኖቻችንና ለወላጆቻችን ባካፍል ይጠቅማል ብዬ ይህን አዘጋጀሁ።

በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ የተነሣው ሐሳብ ሁሉ ስለ ማስጌጥ ነበር። አንዱ ባንዲራ ይገዛ አለ፤ ሌላው የንጉሠ ነገሥቱና የመኳንንቱ ሥዕል ይሰቀል አለ፤ ሦስተኛውም ጎፈርና ካባ ተከራይተን ቀረርቶና ፉከራ እናሰማ አለ። መምህራችን ሁሉንም በትዕግሥት ካዳመጡ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁን። ይኸውም «እንግዳ መጥቶ ከሥዕሉ ፊት ቆሞ ይህ መቼ ሆነ? ለምን ሆነ? እንዴትስ ተቻለ? ቢላችሁ ከእናንተ ማን ይመልሳል?» የሚል ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራችንን በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ከፋፈልነው፤ «ከማስጌጥ በፊት ማጣራት» የሚል ደንብም በቃለ ጉባኤው ላይ ጻፍን።

1ኛ. መቼ ሆነ?

የዓድዋ ጦርነት የተደረገው እሑድ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ቀኑ በየወሩ የቅዱስ ጊዮርጊስ መታሰቢያ የሚውልበት መሆኑን ሁላችንም ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንሰማ አድገናል። ነገር ግን አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በእንግሊዝኛ ከተጻፈ መጽሐፍ ጦርነቱ የሆነው ማርች 1 ቀን 1896 መሆኑን አነበበ፤ በዛሬው የቀን መቁጠሪያ ላይ ደግሞ የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 መሆኑን አየ። ስለዚህ እጁን አውጥቶ «ከሁለቱ ትክክለኛው የቱ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ወዲያው መልስ የሰጠው ሰው አልነበረም። ለሚቀጥለው ዓርብ የሒሳብ መምህራችንን ጋብዘን አስረዱን።

መልሱ የሚከተለው ነው። በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን በየአራት ዓመቱ ሳታቋርጥ 6 ቀን ትሆናለች። በፈረንጆች አቆጣጠርም ፌብሩዋሪ በየአራት ዓመቱ 29 ቀን ይሆናል፤ ነገር ግን መቶ ዓመት በሞላ ጊዜ ዓመቱ ለ400 የማይካፈል ከሆነ ያች ትርፍ ቀን ትቀራለች። 1900 ለ400 ስለማይካፈል በዚያ ዓመት ፌብሩዋሪ 28 ቀን ብቻ ሆነ። በዚህ ምክንያት በፈረንጆች 1800ዎቹ ውስጥ በማርች 1 ይውል የነበረው የካቲት 23 ከ1900 ወዲህ በማርች 2 ይውላል። 2000 ግን ለ400 ስለሚካፈል ምንም ለውጥ አልመጣም። በ2100 ደግሞ እንደ ገና አንድ ቀን ይሸጋገርና የካቲት 23 በማርች 3 ይውላል።

እንግዲህ መጽሐፉም ልክ ነው፤ የቀን መቁጠሪያውም ልክ ነው። የተሸጋገረው የእነሱ ቀን ነው እንጂ የእኛ የካቲት 23 ከቦታው አልተነቃነቀም። ይህን ትምህርት በትልቅ ወረቀት ጽፈን የኤግዚቢሽናችን የመጀመሪያ ሰሌዳ አደረግነው። የቀን ነገር ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ቀኑን በትክክል ማስረዳት ያልቻለ ሰው የቀረውን ታሪክ ሲናገር ማን ያምነዋል?

2ኛ. ለምን ሆነ?

ሁለተኛውን ሰሌዳ ያዘጋጁት የቋንቋ ትምህርት የሚወዱ አባሎች ነበሩ። ጉዳዩ የውጫሌ ውል ነው። ይህ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና የጣልያን መንግሥት መልእክተኛ በነበረው በኮንት አንቶኔሊ መካከል የተፈረመ ሲሆን 20 አንቀጾች ነበሩት። ውሉ በአማርኛና በጣልያንኛ ተጽፏል። ጠቡን ያመጣው 17ኛው አንቀጽ ነው። በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋራ ለሚኖራቸው ጉዳይ ቢፈልጉ በጣልያን መንግሥት አጋዥነት መላላክ እንደሚቻላቸው ይናገራል። በጣልያንኛው ግን በጣልያን መንግሥት በኩል ለመላላክ መስማማታቸውን የሚያስር ቃል ገብቶበታል።

የኢጣልያ መንግሥት ይህን ቃል ይዞ በ1882 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ኢትዮጵያ በጥበቃው ሥር መሆኗን ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀ። ዐፄ ምኒልክም ነገሩን ባወቁ ጊዜ ተቃወሙ፤ በደብዳቤ ብዙ ከተከራከሩም በኋላ በ1885 ዓ.ም. ውሉን ማፍረሳቸውን አስታወቁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እናውቃለን። ከድሉም በኋላ በጥቅምት ወር 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው የሰላም ውል የውጫሌ ውል ተሽሮ የኢትዮጵያ ፍጹም ነጻነት ታወቀላት።

አባሎቻችን በሰሌዳው ላይ ሁለት ዓምድ ሠርተው በአንደኛው «ይቻላቸዋል» በሁለተኛው «ተስማምተዋል» ብለው በትልቁ ጻፉ። ከሥሩም ሌላ ማብራሪያ አላኖሩም። ተማሪው ሁሉ እየመጣ ሁለቱን ቃላት ሲያነጻጽር አይቻለሁ። በአንድ ግሥ ልዩነት ምክንያት ስንት ሺህ ሰው እንደ ሞተ ሲያስቡት፣ በክፍል ውስጥ የሰዋስው ትምህርት ሲሰጥ ማንቀላፋት አይገባም።

3ኛ. እንዴት ተቻለ?

ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ ረጅም ጊዜ የወሰደብን ነው። የውጊያውን ነገር በአጭሩ ላስታውስ። ዐፄ ምኒልክ በመስከረም ወር 1888 ዓ.ም. የክተት ዐዋጅ አስነገሩ። የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ላይ እንዲገናኛቸው ታዘዘ፤ እርሳቸውም በዚያው በጥቅምት ወር ከእቴጌ ጣይቱ ጋራ ከአዲስ አበባ ተነሡ። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ የሐረሩ ራስ መኰንን፣ የወሎው ራስ ሚካኤል፣ የትግራዩ ራስ መንገሻ፣ ራስ አሉላ፣ ራስ ወሌ፣ ዋግ ሹም ጓንጉልና ሌሎችም መኳንንት እያንዳንዳቸው ሠራዊታቸውን ይዘው ዘመቱ። ኅዳር 28 ቀን በአምባላጌ ላይ የማጆር ቶዜሊ ጦር ተሸነፈ። መቀሌ ላይም በእንዳ ኢየሱስ ምሽግ የነበረው የማጆር ጋሊያኖ ጦር ተከበበ፤ በእቴጌ ጣይቱ ምክር የውሃው ምንጭ ስለ ተያዘበትም በጥም ተጨንቆ በጥር ወር ምሽጉን ለቀቀ።

በዓድዋ የጄኔራል ባራቲየሪ ጦር ወደ 17,700 የሚጠጋ ሰውና 56 መድፍ ነበረው። በሌሊት በአራት ተከፍሎ ሲጓዝ ጄኔራል አልቤርቶኔ በካርታው ላይ ኪዳነ ምሕረት ተብሎ የተጻፈውን ኮረብታ ከእውነተኛው ኪዳነ ምሕረት ጋራ ማስማማት ስላልቻለ ከሌሎቹ ርቆ ወደ ፊት ሄደ። ጦሩም ተለያይቶ ሳለ ነጋበት። በውጊያው ጄኔራል አሪሞንዲና ጄኔራል ዳቦርሚዳ ሞቱ፤ አልቤርቶኔ ተማረከ። ከእኛም ወገን ፊታውራሪ ገበየሁን የመሰሉ ጀግኖችና ብዙ ሺህ ሰዎች ወደቁ። በ17ኛው አንቀጽ አንድ ቃል፣ በካርታው ላይ ደግሞ አንድ የቦታ ስም ምን ያህል ነገር እንዳመጣ ተመልከቱ። ማጣራት ለታሪክ ጸሐፊ ብቻ ሳይሆን ለጦር አለቃም ያስፈልገዋል።

ይህ ሁሉ በየመጽሐፉ ይገኛል። አንዲት የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ግን «ይህ ሁሉ ሰው ምን እየበላ ሄደ?» ብላ ጠየቀች። የክፍሉ ግማሽ ሳቀ። መምህራችን ግን ኖራ አንሥተው ወደ ጥቁር ሰሌዳው ሄዱና «እስቲ እናስላው» አሉ።

የታሪክ ሰዎች የኢትዮጵያን ሠራዊት ቍጥር ሲገምቱ አንዱ ከፍ ሌላው ዝቅ ያደርገዋል፤ ብዙዎቹ ግን ወደ 100,000 ያደርሱታል። አንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ እህል ብቻ ይበላል ብንል ለ100,000 ሰው በቀን 50,000 ኪሎ ወይም 500 ኩንታል ያስፈልጋል። አንድ አህያ 50 ኪሎ ትሸከማለች ብንል የአንድ ቀን ቀለብ ብቻ 1,000 አህያ ይፈልጋል፤ የዐሥር ቀን 10,000 አህያ ማለት ነው። አህያዋም ሆነች በቅሎዋ በበኩሏ ሣርና ውሃ ትሻለች። ይህ ስሌት የእኛ የተማሪዎች ግምት ነው እንጂ በጊዜው የተመዘነ አይደለም። ቢሆንም ከአዲስ አበባ እስከ ዓድዋ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ፣ ከጥቅምት እስከ የካቲትም አምስት ወር ያህል ጊዜ መሆኑን ስናስብ ነገሩ ያስደነግጣል።

ከዚህም በላይ ሌላ ነገር አለ። ከዘመቻው ጥቂት ዓመታት በፊት፣ ከ1881 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ፣ በአገራችን ክፉ ቀን የተባለው ታላቅ ረኃብ ገብቶ ነበር። በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በሬውን ፈጀው፤ በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ ሰውም በየመንገዱ ወደቀ። እንግዲህ ለዓድዋ ዘማች ስንቅ የሰጠው ገበሬ ገና ከዚያ ረኃብ መውጣቱ ነበር። ጎተራው ሞልቶ ተርፎት አልሰጠም። ሠራዊቱ በመንገድ ላይ ያረፈበት ባላገርም ከገዛ ልጆቹ አፍ ቀንሶ አብልቷል። ዓድዋ አጠገብ ከደረሱም በኋላ ስንቅ እያለቀ ስለ ሄደ ሠራዊቱ እዚያው ረጅም ጊዜ ሊቈይ እንደማይችል ታውቆ ነበር።

ስንቁ ምን ነበር? በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ ነው። እነዚህ ሁሉ ቶሎ የማይበላሹ፣ ለመሸከም የማይከብዱና ብዙ ማገዶ የማይጠይቁ በመሆናቸው ለዘመቻ ይመረጣሉ። በሶን ብንመለከት ገብሱ ይታመሳል፣ ይፈተጋል፣ ከዚያም ይፈጫል። ዘማቹ ግን በቅል ውሃ በጥብጦ ወይም በእጁ ጨብጦ በደቂቃ ይበላዋል። የዘማቹ ደቂቃ ለፈጭዋ ሌሊት ነው። በዚያ ዘመን ወፍጮ ቤት አልነበረም፤ እያንዳንዱ ኪሎ በድንጋይ ወፍጮ፣ በሴት ክንድ ተፈጭቷል። ብዙዎች ሴቶችም ከሠራዊቱ ጋራ ዘምተው ምግብ አብስለዋል፣ ለተዋጊው ውሃ አመላልሰዋል፣ ቁስለኛ አስታመዋል።

በሚቀጥለው ዓርብ ያች ተማሪ ከአያቷ ቤት አንድ መጅ በነጠላ ጠቅልላ ይዛ መጣች። መጅ ማለት ከወፍጮው በላይ በሁለት እጅ እየተያዘ የሚፈጭበት ድንጋይ ነው። ሆዱ ከብዙ መፍጨት የተነሣ አልቆ ለስልሷል። «ይህ ከጋሻና ከጎራዴ ጋራ ይቀመጥ» አለች። በዚህ ምክንያት ትልቅ ክርክር ተነሣ። አንዳንዶቹ «ድንጋይማ በየቤቱ አለ፤ ቅርስ አይባልም» አሉ። ሌሎቹ ደግሞ «ጎራዴው ያለ በሶ መቼ ዓድዋ ይደርስ ነበር?» ብለው ተከራከሩ። በድምፅ ሲቈጠር 14 ለ9 ሆኖ መጁ ቦታ አገኘ። ክርክሩ በዚህ ብቻ አላበቃም፤ ከአንድ ቤት የተዋስነውን የድንጋይ ወፍጮ በግቢው ውስጥ አኑረን እያንዳንዱ ተቃዋሚ ተራ በተራ ገብስ እንዲፈጭ ሆነ። አንድ ቁና ገብስ ሳይጋመስ የክፍላችን ብርቱ ኳስ ተጫዋች ወገቡን ይዞ ተነሣ። ከዚያ ወዲያ ስለ መጁ የተቃወመ የለም።

4ኛ. ቃል ስለ መሰብሰብ

የዓድዋን ጦርነት በዓይኑ ያየ ሰው ዛሬ በሕይወት የለም። በሕይወት ያሉት ከአያቶቻቸው ወይም ከወላጆቻቸው የሰሙ ሽማግሎችና አሮጊቶች ናቸው። እነርሱም እየቀነሱ በመሄድ ላይ ናቸው። ከማኅበራችን አባሎች የአንዱ ቅድመ አያት ቃላቸውን ልንጽፍ በተቀጣጠርንበት ሳምንት ዐረፉ። ከቀብር ስንመለስ የልጅ ልጃቸው «ነገ ነገ ስንል ቤቱ ተዘጋ» አለ። ስለዚህ ቃል መሰብሰብ ቀጠሮ የማይሰጠው ሥራ መሆኑን ተረድተናል።

ይሁን እንጂ የሰሙትን ሁሉ እንደ ወንጌል መቀበል አይገባም። ማኅበራችን የተከተላቸው ደንቦች እነዚህ ናቸው፤

ሀ. ተናጋሪውን አስቀድሞ አስፈቅዶ፣ ስማቸውንና ቃሉ የተጻፈበትን ቀን መመዝገብ።

ለ. «ይህን ከማን ሰሙት? እርሳቸውስ ከማን ሰሙት?» ብሎ የወሬውን ሐረግ እስከ ምንጩ መከተል።

ሐ. የተናገሩትን በራሳቸው አነጋገር መጻፍ፤ የእኛን ማሳመሪያ አለመጨመር።

መ. ስለ አንድ ነገር የሁለት ቤት ሰዎች የተለያየ ቃል ቢሰጡ ሁለቱንም ጽፎ ማኖር እንጂ ደስ ያለንን መርጦ ሌላውን አለመጣል።

ሠ. ቃሉን በመጽሐፍ ከተረጋገጠው ጋራ ማስተያየት፤ የተረጋገጠውንና «እንዲህ ይባላል» የሚባለውን ለይቶ ማስቀመጥ።

የመጁንም ታሪክ በዚሁ ደንብ መረመርነው። የልጅቱ አያት ድንጋዩ የአያታቸው እንደ ነበረና እኒያ አያታቸው በልጅነታቸው ከእናታቸው ጋራ የዘማች ስንቅ እንደ ፈጩበት ይናገራሉ። ሐረጉ ይህ ነው፤ ሌላ የጽሑፍ ማስረጃ የለውም። ስለዚህ በመግለጫው ላይ «የዓድዋ መጅ» አላልንም። «ከቤተ ሰብ በተነገረ ቃል መሠረት የዘማች ስንቅ የተፈጨበት መጅ» ብለን ጻፍን። አጻጻፉ ረዘመ፤ ግን እውነተኛ ነው። አያቲቱም አስነብበው ካዳመጡ በኋላ «እኔ ያልሁትን ነው የጻፋችሁት፤ ተባረኩ» አሉን።

5ኛ. ዕቃ ስለ መጠበቅ

ለኤግዚቢሽኑ ከየቤቱ ጋሻ፣ ጦር፣ ጎራዴ፣ አቁማዳ፣ ቅል፣ አገልግል፣ የብራና መጽሐፍና ያረጁ ደብዳቤዎች ተዋስን። ለእያንዳንዱ ባለ ንብረት ዕቃው ከነጉዳቱ የተገለጸበት የመረከቢያ ወረቀት በሁለት ቅጂ ሰጠን። ዕቃ ጠባቂ ሆነው የተመረጡት አባሎችም የሚከተለውን ተማሩ፤ ይህ ለወላጆቻችንም ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ።

ጎራዴንና ሌላ ብረትን በአሸዋ ወይም በአመድ መፈተግ አይገባም፤ ዝገቱ ይለቃል ሲባል በላዩ ያለው ጽሕፈትና ምልክት አብሮ ይጠፋል። በባዶ እጅ መነካካትም የእጅ ላብ ብረትን ስለሚያዝግ ደግ አይደለም። የቆዳ ጋሻን ቅቤ መቀባት ተባይና አይጥ ይጠራበታል፤ ፀሐይ ላይ ማስጣትም ያደርቀውና ይሰነጥቀዋል። ብራና ሙቀት ሲነካው ይኰማተራል፤ እርጥበት ሲያገኘው ይሻግታል። የተቀደደ ደብዳቤን በፕላስተር መለጠፍ ሙጫው ከጊዜ በኋላ ወረቀቱን እንዲበላው ማድረግ ነው። በፕላስቲክ ማሸግም እንዲሁ ጉዳት አለው፤ አንድ ጊዜ የታሸገ ወረቀት ሳይበላሽ አይወጣምና። ደኅናው ነገር በንጹሕ ወረቀት ጠቅልሎ፣ ደረቅና ጨለም ባለ ቦታ፣ ሳያጥፉ ማኖር ነው። ቍጥሩም በዕቃው ላይ አይጻፍም፤ በትንሽ ካርቶን በእርሳስ ጽፎ በክር ማሰር ይበቃል። ፎቶግራፉንም ማንሣት አይረሳ፤ ዕቃው ቢጠፋ መልኩ ይቀራልና።

አንድ የቤት ዕቃ የሚጠፋበት ዋናው ጊዜ ሰው ሲሞትና ቤት ሲለቀቅ መሆኑንም ከየቤቱ ሰምተናል። ጥድፊያ ባለበት ጊዜ ያረጀ ነገር ሁሉ ቈሻሻ ይመስላል። ስለዚህ «ይህ የማን ነበር?» ብሎ መጠየቅ ከመጣል በፊት ነው።

6ኛ. ገና ያልተፈጸመ አንድ ጉዳይ

ከተዋስናቸው ዕቃዎች መካከል አንድ የጎሽ ቆዳ ጋሻ ነበር። ባለ ንብረቷ ልጆቻቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉ እናት ናቸው። ጋሻውን ለመረከብ ስንሄድ አንድ ነጋዴ ለውጭ አገር ሰው የሚሸጥ ነገር እየፈለገ መጥቶ ዋጋ እንደ ሰጣቸው ነገሩን። የማኅበራችን ሊቀ መንበር የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ ዐዋጅ ቍጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ እንደሚከለክል፣ ባለቤቱም በጥንቃቄ እንዲጠብቀው እንደሚያዝ በአክብሮት አስረዳቸው። እርሳቸውም በጸጥታ ካዳመጡት በኋላ እንዲህ አሉ። «ልጆቼ፣ ጋሻው የአባቴ አባት ነው። ልጄ ደግሞ የእኔ ናት፤ ደብተርና ጫማ ትፈልጋለች። የትኛውን ልጠብቅ?»

ማናችንም መልስ አልነበረንም። ቃለ ጉባኤውን ስጽፍ ይህን ንግግር ልተወው ወይስ ልጻፈው ብዬ አስቤ ነበር፤ ጻፍሁት። ምክንያቱም «ቅርሳችንን እንጠብቅ» የሚለው ቃል የሚከብደው በትክክል እዚህ ላይ ነው። ሀብታም ሰው ጋሻውን በሳሎኑ ሰቅሎ ይኰራበታል። ድኻ ግን ቅርስ ሲጠብቅ ከእራቱ እየቀነሰ ነው። ሕጉ ጋሻው ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል፤ ነገር ግን የእናቲቱን ሌማት አይሞላም። ልክ በ1888 ዓ.ም. ከጎደለ ጎተራው ስንቅ እንዳወጣው ገበሬ፣ ዛሬም ያለ ደመወዝ የአገርን ዕቃ በጎጆው የሚጠብቅ ሰው አለ። እኛ ግን ስሙን አናውቀውም።

ማኅበራችን ስለዚህ ጉዳይ ሁለት ዓርብ ሙሉ ተወያየ። ጋሻውን ለመግዛት አቅም የለንም፤ ብንገዛውም የምናኖርበት ተገቢ ቦታ የለንም። ሙዝየም ይቀበለው ዘንድ ማመልከቻ ጽፈን በመምህራችን አማካይነት አቅርበናል። ከዚህም ሌላ አባሎቻችን ከየኪሳቸው አዋጥተው ለልጅቱ የዓመት ደብተር ገዝተዋል። ይህ ለጋሻው ዋጋ አይደለም፤ ለጠባቂዋ ያለንን አክብሮት የምንገልጽበት ትንሽ ነገር ነው። ጋሻውን ከኤግዚቢሽኑ በኋላ በመረከቢያው ወረቀት መሠረት መልሰናል። ይህን እስከ ጻፍሁበት ቀን ድረስ እናቲቱ አልሸጡትም። ነገ ግን ቢሸጡት የምንወቅሳቸው እርሳቸውን ብቻ መሆን አይገባም።

መደምደሚያ

በአገራችን ለዓድዋ መታሰቢያ የሚሆኑ ታላላቅ ሥራዎች ተሠርተዋል። የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት በ1923 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆመ፤ የፋሺስት ወራሪዎች በአገዛዛቸው ዘመን አነሡት፤ ነጻነት ከተመለሰ በኋላ ግን ወደ ቦታው ተመለሰ። በ2016 ዓ.ም. የካቲት ወርም የዓድዋ ድል መታሰቢያ በፒያሳ ተመርቋል። እነዚህ ለሕዝብ ሁሉ የሚታዩ ናቸው። ነገር ግን ሐውልት የማይሠራላቸው መጅ፣ አቁማዳ፣ ደብዳቤና የአሮጊት ቃል በየቤታችን አሉ። እነርሱን ሳያዩና ሳያውቁ «ታላቅ ታሪክ አለን» ማለት ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እንደ ተባለው ነው።

ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፣ በዚህ ክረምት ከትምህርት ስታርፉ እያንዳንዳችሁ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት ዘንድ ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ሂዱ፤ «ከማን ሰሙት?» ብላችሁም ጠይቁ። ወላጆቻችን ሆይ፣ ከሣጥናችሁ ግርጌ ያለውን ያረጀ ወረቀት ከመጣላችሁ በፊት ለልጆቻችሁ አሳዩአቸው። መምህራኖቻችን ሆይ፣ ማኅበሩ እኛ ከተመረቅን በኋላም እንዳይበተን አደራ እንላለን። የመረከቢያው ወረቀት፣ የቃል መዝገቡና ቃለ ጉባኤው በተማሪ ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጠዋል።

የዓድዋ ድል 150ኛ ዓመት በ2038 ዓ.ም. ይውላል። በዚያን ጊዜ እኛ የዛሬዎቹ ተማሪዎች እናቶችና አባቶች እንሆናለን። ልጆቻችንም «ይህ መቼ ሆነ? ለምን ሆነ? እንዴትስ ተቻለ?» ብለው ሲጠይቁን በትክክል እንድንመልስላቸው ዝግጅቱን ከዛሬ እንጀምር።